በግራ በኩል፣ ከጎማው ኋላ

ያ የአውሮፕላን ወንበር ያስከፈለኝ ሁለት ቲኬት፣ ሱቄ ተዘግቶ የከረመበት አንድ የገበያ ሳምንት፣ ጭቃ የበላው አንድ ጥንድ ጫማ እና የሚስቴ ወንድም ነው። ወንድምየው አልሞተም። እዚያው ቦንጋ ነው ያለው። መንገድ ላይ ሲያየኝ ግን ድንገት የሚያነበው ወረቀት ከኪሱ ያወጣል። የቀረውን ወጪ፣ የዳቦውንና የሻዩን፣ አልቆጠርኩትም።

ነጋዴ ነኝ። ማር፣ ኮረሪማና ቡና እገዛለሁ፤ ጨው፣ ሳሙናና ባትሪ ድንጋይ እሸጣለሁ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ያወቅሁትን ያወቅሁት ከሰውና ከአውቶብስ ነው። ከቦንጋ ጅማ በሚመላለሰው አውቶብስ ላይ የዕድሜዬን ግማሽ ስለተቀመጥኩ፣ የት እንደሚቀመጡ ማንም አያስተምረኝም። ጠዋት ወደ ጅማ ሲኬድ ፀሐይ በቀኝ ትመጣለች፤ ስለዚህ ግራ መያዝ ነው። ጎማ ላይ አይቀመጡም፤ ጉልበት አገጭ ይነካል። በር አጠገብ አይቀመጡም፤ የሚወጣ ሰው ሁሉ፣ ዶሮውም ጭምር፣ እግር ላይ ያርፋል። ከሾፌሩ ኋላ ጥሩ ነው። ክፉ ነገር ሲመጣ ሾፌር መሪውን የሚጠመዝዘው የራሱን ጎን ለማዳን ነውና።

አውሮፕላን ላይ ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት አልሠራም።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ አንድ ሸሪክ ነበረኝ፤ ክረምት መንገዱን ሲቆርጠው ከእሱ ጋር ያለኝ ሥራ ይበላሻል። ከጅማ ወደ ሚዛን የምትበር ትንሽ አውሮፕላን ነበረችና፣ የቸገረኝ ጊዜ በእሷ እሄድ ነበር። በግራ በኩል አንድ አንድ፣ በቀኝ ሁለት ሁለት ወንበር አላት። ክንፏ ከላይ ነው። ጎማዋ እንደ ትልልቆቹ ወደ ሆዷ አይገባም፤ ተንጠልጥሎ አብሮ ይሄዳል። ወንበሩ ቁጥር የለውም፤ ቀድሞ የወጣ ይቀመጣል። ከመውጣትህ በፊት ደግሞ ከነሻንጣህ ሚዛን ላይ ያቆሙሃል። ስንቱን ኩንታል ስመዝን የኖርኩ ሰው፣ ራሴ ስመዘን የቀስቷን አካሄድ በዓይኔ ተከታተልኩ። ያበዛችብኝ መሰለኝ። ከልማድ የተነሳ ልከራከር ነበር።

በመጀመሪያው ጉዞ ፊት ተቀመጥኩ፤ አውቶብስ ላይ ክብር ያለው ጋቢና ነው ብዬ። እስከ ሚዛን ያየሁት የፓይለቱን ማጅራት ነው። በሁለተኛው መሐል ተቀመጥኩ፤ መስኮቱን ጎማ ሞላው። ጎማው ጥሩ ጎማ ነበር። አገሩን ግን አላየሁም። በሦስተኛው በግራ በኩል ከጎማው ኋላ ተቀመጥኩ፤ ጎጀብን ተሻግረን ጥቂት እንደቆየን ቦንጋ ከነቆርቆሮዋ ከታች መጣች። ያን ሁሉ ዓመት ስወጣና ስወርድ ልቤን ያፈሰሰው ዳገት ከዚያ ላይ ሲታይ ዳገት አይደለም። ከከተማዋ ወዲያ ጫካው ነው፤ ጫካ ብቻ፣ እንደ በግ ጀርባ። ፀሐይዋ ጠዋት ከኋላ ስለምትመጣ ዓይን አትወጋም። መስኮቱ ያልተጫረ ከሆነ፣ ደመና ካልመጣ፣ ወሩ ጥር ከሆነ፣ ከዚያ የተሻለ ወንበር በዚያች አውሮፕላን ውስጥ የለም።

ይህንን ለራሴ ይዤው ብቀር ኖሮ ጥሩ ነበር። ነጋዴ ግን ያወቀውን ዕቃ ደርድሮ ካላሳየ አይሆንለትም። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ለተቀመጡ ሰዎች በግራና በቀኝ፣ በፊትና በኋላ እያደረግሁ ስተነትን፣ አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ ጥግ ላይ ባለው ጆንያ ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

አማቴ የማንኪራ ሰው ናቸው። ከማንኪራ ወዲያ ጫካ ውስጥ ኮቦ ነበራቸው። ኮቦ ማለት በካፋ ልማድ አንድ ቤተሰብ ቀፎ የሚሰቅልበት የጫካ ድርሻ ነው። ወረቀት የለውም፤ አጥር የለውም። ዛፉ የማን እንደሆነ ግን አገር ያውቃል። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ እኛ ዘንድ ከተማ ነበር የሚኖሩት፤ ኮቦውን የሚያይላቸው ታላቁ ልጃቸው፣ የሚስቴ ወንድም ነው። እሱ የወረዳ ቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ስብሰባና ግምገማ የሚበዛበት ሰው። ማሩን ግን በየዓመቱ ሳያጓድል ያመጣ ነበር።

ጭቅጭቁ የጀመረው ከማሩ ነው። ከእሳቸው ኮቦ የሚመጣው የጌተም ዛፍ አበባ ማር ነበር፤ ነጭ፣ ሲረጋ እንደ ቅቤ የሚሆን። ከጊዜ በኋላ ልጅየው ጠቆር ያለ፣ ጉሮሮ የሚነካ፣ የብሳና ማር ማምጣት ጀመረ። እኔ ገና ክዳኑ ሲከፈት ከሽታው አውቄዋለሁ፤ ሥራዬ ነው። አማቴ ደግሞ በጣታቸው ጫፍ ቀምሰው ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«ይህ የእኔ አይደለም» አሉ።

«አባባ፣ ዝናቡ ተዛብቶ ነው» አለ ልጃቸው።

«ዝናብ ይዛባል። ዛፍም ይዛባል?»

«ኧረ አባባ! ንብ እንደሆነ ያገኘውን ነው የሚቀስመው።»

«የእኔን ንብ አንተ ነህ የምታስተምረኝ?»

ከዚያ በኋላ ከማንኪራ የመጣውን ሰው ሁሉ ይጠይቁ ጀመር። «ኮቦዬ እንዴት ነው?» ሲሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ደህና ነው፣ አባባ።» ጠያቂውም ተጠያቂውም መሬት መሬት ያያሉ። እኔም ወሬውን በጨረፍታ ሰምቻለሁ፤ ኢንቨስተር መጥቷል፣ ቡና ሊተክል ነው፣ ካሳ የተቀበለ ሰው አለ፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም ይባላል። ሄጄ ማየት እችል ነበር። ሄጄ ካየሁ ግን መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ስለዚህ አልሄድኩም። በእኛ ዘንድ መርዶ ብቻውን የሚነግር ሰው የለም። ሰው ሲሞት ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ ጎሕ ሳይቀድ በር ያንኳኳሉ፣ አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቹ ሐዘንተኛውን ይይዛሉ። ለጫካ ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም። ጫካ ሞተ ብሎ ሽማግሌ የሚሰበስብ ስለሌለ፣ ወሬው በሰዉ ሁሉ ጉሮሮ እንደ አጥንት ተሰንቅሮ፣ አማቴ ብቻ ሳይሰሙት ቀሩ።

የዚያን ቀን ጆንያው ላይ እንደተቀመጡ ጠየቁኝ።

«ከዚያ ላይ ጫካ ይታያል?»

«በደንብ ነዋ፣ አባባ።»

«የእኔስ?»

«ሁሉም ይታያል» አልኩ። ይህ የነጋዴ አፍ ነው። «አለ ወይ?» ሲሉት «ሞልቶ!» ማለት የለመደ አፍ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«መቼ ነው የምንሄደው?» አሉኝ።

ነገሩን ለሚስቴ ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ቆይ፣ ልረዳው። ከዚህ ተነስታችሁ ጅማ ትሄዳላችሁ። ከጅማ በአየር ተነስታችሁ በቤታችን ላይ ታልፋላችሁ። ከዚያ ሚዛን ትወርዳላችሁ። ከሚዛን ደግሞ በመኪና ወደ ቤታችሁ ትመለሳላችሁ።»

«አዎ።»

«ጣሪያው ላይ መሰላል ብናቆም አይቀልም?»

ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ቢላዋውን መልሳ አነሳች፤ አልከተፈችም ግን።

«ካዩ በኋላስ?»

«እኔ የማስይዘው ወንበር ነው» አልኩ። «ከወንበሩ ወዲያ ያለው የእኔ ሥራ አይደለም።»

«አባቴ ሲጠራጠሩ ነው የሚያረጁት» አለች፤ «አውቀው ቢያርጁ ይሻለኛል።» ይህን ያለችው ለእኔ ሳይሆን ለሽንኩርቱ ነው።

ወሬው ወንድሟ ጆሮ ለመድረስ አልዘገየም። ከቢሮ ሲወጣ ሱቅ መጣ። ሌላ ጊዜ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ የሚያወራው ሰው፣ ያን ቀን ጆንያ እየነካካ፣ ሳሙና እያነሳ እያስቀመጠ ቆየ።

«አባባን አውሮፕላን ልታወጣቸው ነው አሉ።»

«ጠየቁኝ።»

«ደግ አደረግህ። ደስ ይበላቸው። ዕድሜ ልካቸውን የለፉ ሰው ናቸው።» ሳሙናውን አሸተተው። «ብቻ… በየት በኩል ነው የምታስቀምጣቸው?»

«በግራ።»

«ለምን በግራ?»

«ቦንጋ የሚታየው በግራ ስለሆነ።»

«ቦንጋንማ እዚሁ ተቀምጠው ያዩት የለ? በቀኝ አድርጋቸው። በቀኝ የጎጀብ ሸለቆ አለ። አረንጓዴ ነው፣ ውሃ አለው። ለዓይንም ጥሩ ነው።»

«አንተ በአውሮፕላን ሄደህ ታውቃለህ እንዴ?»

«ካርታ አለን ቢሮ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ፣ ወንድሜ። ፕሮጀክት ነው። ከላይ የመጣ ነው። እኔ ብፈርምም ባልፈርምም ይሄድ ነበር። ቢያንስ ካሳው ለቤተሰቡ ገባ። ለእሳቸው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚነገረው፤ በሽማግሌ፣ በጊዜው። አሁን ደማቸው ከፍ ብሏል።»

እንግዲህ አወቅሁ። ሳልፈልግ፣ ሳሙና እየሸጥኩ አወቅሁ።

«ጊዜው መቼ ነው?» አልኩት።

«እ?»

«የሚነገራቸው። ጊዜው መቼ ነው?»

«እየታሰበበት ነው» አለ፤ የቢሮ መልስ ነው። «በቀኝ ነው፤ እሺ?»

«ወንበሩ ቁጥር የለውም» አልኩት። «የደረሰ ይቀመጣል።»

ይህን መልስ እሱ «እሺ» አድርጎ ይዞት ሄደ። እኔ «እሺ» አላልኩም። እንቢም አላልኩም። ደክሞኝ ነበር።

ጅማ ገብተን አልጋ ይዘን አደርን። አማቴ ሌሊቱን ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ነው የተኙት፤ አውሮፕላኗ ጥላቸው እንዳትሄድ። ጠዋት አየር ማረፊያው ስንደርስ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። በእጅ ምንም አይያዝም፤ የያዘ ይዘገያል። በሩ ሲከፈት አይሮጡም፤ የሮጠውን ያስቆሙታል፤ ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። ወጥተው ግራ፤ ከጎማው ኋላ ያለው ሁለተኛው ወንበር። መስኮቱን በመዳፍ መጥረግ ነው፤ ጭረት ካለው አንድ ወደ ኋላ።

«ገባኝ» አሉ። «ቀፎ መስቀያ ዛፍ እንደ መምረጥ ነው።»

ሚዛኑ ላይ ሲቆሙ ከዘራቸውን አብሮ መዘነባቸው። «ከዘራውን ቀንስ» አሉት ሰውየውን፤ እንደ እኔ የሚከራከር ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ። ጉልበታቸው እንደዚያ እያመማቸው እንዴት እንደተራመዱ አላውቅም፤ ሁለት ወጣቶች ብቻ ናቸው የቀደሙን። ወጣቶቹ እኔ ያኔ እንዳደረግሁት ፊት ፊቱን ያዙ። አማቴ ግራ፣ ከጎማው ኋላ፣ ሁለተኛው ላይ ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው። መስኮቱን በጋቢያቸው ጠረጉ። ጭረት የለውም። ሰማዩ አንድ ደመና የለበትም። የጥር ጠዋት ነው። ሥራዬን ጨረስኩ ብዬ እግሬን ዘረጋሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ እግሬን መዘርጋቴን አላስታውስም።

ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ፣ በሩ ሊዘጋ ሲል፣ አንዲት ሴት ወጣች። አንድ እጇ በጄሶ ታስሯል፤ ሕፃን አዝላለች፤ በደህና እጇ ፌስታል ይዛለች። የቀረው ወንበር በቀኝ በኩል፣ ከአንድ ግዙፍ ፖሊስ አጠገብ ያለው ነው፤ ፖሊሱ ከራሱ ወንበር ተርፎ የዚያንም ግማሽ ይዞታል። ሴትየዋ ወንበሩን አየች፣ ፖሊሱን አየች፣ ሕፃኑን ከጀርባዋ ለማውረድ ሞከረች፤ እጇ እንቢ አላት።

ገና ሳያት ገባኝ። አማቴን አውቃቸዋለሁ። ጋቢያቸውን ሲሰበስቡ አየሁ።

«አባባ፣ አይነሱ» አልኩ ከኋላ። «እኔ እነሳለሁ!»

እሳቸው ተነስተዋል። እንዲህ ያለ ነገር አስበው የሚያደርጉት አይደለም፤ ሰውነታቸው ነው የሚነሳው። «ነይ ልጄ፣ እዚህ ብቻሽን ነሽ፣ ይመችሻል» ብለው ክንዷን ይዘው አስቀመጧት፤ ራሳቸው ሄደው ፖሊሱ ባተረፈው ላይ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እኔም ልነሳ ስል ረዳት ፓይለቱ ቀበቶ ሊያይ መጣ።

«ቁጭ በል አንተ!»

«ከአባቴ ጋር ቦታ ልለዋወጥ ነው።»

«ክብደቱ ተመጥኗል፤ እንደተቀመጣችሁ ነው የምንሄደው። ቁጭ!»

ክብደት እንደሚመጠን አውቃለሁ፤ ሚዛን ላይ ቆሜያለሁ። ሞተሩ ተነሳ። አማቴ በቀኝ፣ በመተላለፊያው በኩል፣ በፖሊሱ ትከሻ ታጥረው ተቀምጠዋል። በእሳቸው በኩል የሚታየው ትከሻው ነው፤ ከትከሻው ወዲያ እንደ ሳንቲም የምታህል ሰማይ። ሴትየዋ ደግሞ በዚያ የጠራ መስኮት ሥር ሕፃኗን ታጠባለች። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ውጭ አላየችም።

በረራው አጭር ነው፤ ሰው ጥርሱን ነክሶ የሚጨርሰው ያህል ነው። ጎጀብ አለፈ። አማቴ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ፤ የሞተሩ ድምፅ ከባድ ስለሆነ እጃቸውን አፋቸው ላይ እንደ ቀንድ አደረጉ።

«አንተ እይልኝ!»

«እ?»

«እይልኝ! ማር ስትገዛ ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስተህ እንደምታየው! እንደዚያ እይልኝ!»

ግንባሬን መስኮቱ ላይ ለጠፍኩ። ቦንጋ መጣች።

«ከተማዋ ናት!» አልኩ።

«ተዋት! ወንዝ የሚታጠፍበት አለ!»

«አለ!»

«ከእሱ በላይ መላጣ ኮረብታ!»

«አየሁት!»

«ከመላጣው ጀርባ! ወደ ፀሐይ መውጫ!»

ያየሁትን አሁንም አየዋለሁ። ጫካው ይመጣል፣ ይመጣል፣ ከዚያ በቢላዋ እንደተቆረጠ ያልቃል። ከዚያ ቀይ አፈር ነው፤ ቀጥ ባለ ማዕዘን የተቆረጠ ቀይ አፈር፣ በላዩ የችግኝ መስመር፣ መሐሉ ላይ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ መጋዘን፣ መኪና የሚያስገባ መንገድ። ዛፍ ሊቆጠር የሚችል እንኳ የለም።

ደመና ነው ማለት ይቻል ነበር። አሰብኩት። በጣም ቀላል ነበር፤ በዚያ አገር ደመና ነው ያለ ሰው ውሸታም አይባልም። ነገር ግን በዚያ ጫጫታ ውስጥ ውሸትም ቢሆን መጮህ ያስፈልገዋል። እኔ ደግሞ ውሸት በዝግታ ነው የምችለው፤ ባንኮኒ ላይ ተደግፌ፣ እያጫወትኩ። ጮኾ መዋሸት አልተማርኩም።

«የለም!» አልኩ።

«ምን?»

«የለም፣ አባባ! ተመንጥሯል!»

«ጌተሞቹስ?»

«የሉም! አንድም የለም!»

ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞሯል። ፊት ያሉት ወጣቶች እንኳ አንገታቸውን ጠምዝዘዋል። አማቴ ከዘራቸውን ሁለት ጉልበታቸው መሐል አቁመው ጨበጡት።

«ምን ተከሉበት?»

«ቡና! በመስመር!»

«ጥላ አለው?»

«የለውም!»

«ይቃጠላል» አሉ። ይህንን አልጮሁበትም፤ ከአፋቸው አነበብኩት።

መርዶ ተነገረ ማለት ይህ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ሳይሆን ፀሐይ ወጥታ፣ በሽማግሌ ሳይሆን በማር ነጋዴ፣ በር ላይ ሳይሆን በአየር ላይ፣ በጩኸት። የሚይዝ ሰው እንኳ የለም ብዬ ሳስብ ነው ፖሊሱ የተንቀሳቀሰው። «የለም» እና «አንድም የለም» የሚለውን ብቻ ነው የሰማው። ቆቡን አወለቀ፤ ያን ግዙፍ አካሉን እንዴት እንዳጠፈው አላውቅም፣ ለአማቴ ቦታ ሰጣቸው፣ እጁን ትከሻቸው ላይ አሳረፈ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ አባቴ» አለ።

«አሜን» አሉ አማቴ።

«የቅርብ ሰው ነው?»

«ከአባቴ ጀምሮ አብሮን የኖረ ነው።»

«አይ አይ አይ» አለ ፖሊሱ። ሴትየዋ ሕፃኑን ከጡቷ ነጥላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን መጥረግ ጀመረች። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ «ያጥናዎት» አሉ። ከፊት ወጣቶቹም፣ እንደተማሩት፣ ተራ በተራ «ያጽናዎት» እያሉ ነው። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ምን ብዬ ነው የምጮኸው? ሰው አይደለም፣ ዛፍ ነው ብዬ? አማቴ ለእያንዳንዱ ጎንበስ እያሉ «አሜን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላሉ። ፊታቸውን አየሁ። አልተሳሳቱም፤ ሰዎቹ ለምን እንደሚያጽናኗቸው አውቀው ነው የሚቀበሉት። የሚቀበሉት ደግሞ እንደሚገባቸው ነገር ነው።

ሚዛን ሳሩ ላይ ስናርፍ ሰዉ ወዲያው አልተበተነም። አማቴ ከማረፊያው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ፖሊሱ፣ ሽማግሌውና ሴትየዋ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ለለቅሶ እንደሚቀመጡት፣ ሳያወሩ። ሴትየዋ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጃቸው ነው?»

መዋሸት ከበደኝ። «እትዬ፣ ሰው አይደለም። ጫካ ነው። ቀፎ የሚሰቅሉበት ጫካ ተመንጥሮባቸው ነው።»

ጨው አጉድዬ የመዘንኩባት ይመስል አየችኝ።

«ጫካ?»

«ጫካ።»

«ያለቀስኩትንስ ምን ላድርገው?»

ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ለአማቴ «የእኔም አባት ቀፎ ነበራቸው» ስትል ሰማሁ። ከዚያ ሁለቱ ስለ ንብ ማውራት ጀመሩ፤ እኔም ሻይ ፍለጋ ሄድኩ።

መመለሻውን በአውሮፕላን ለማድረግ አስቤ ነበር። በዚያኛው አቅጣጫ ቦንጋ የሚታየው በቀኝ ነው፤ ያንንም አውቀዋለሁ። አማቴ ግን አልፈለጉም። «አንተ አይተሃል፤ ይበቃል» አሉ። በአውቶብስ ተመለስን። ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለና ከዋጫ ወዲህ ጭቃ ያዘን፤ ወርደን ገፋን፤ ጫማዬ የቀረው እዚያ ነው። ሾፌሩ ለአማቴ ጋቢናውን ለቀቀላቸው። መንገዱን ሁሉ ወደ ፊት ብቻ እያዩ፣ ከሾፌሩ ጋር ስለ ጉልበት ሕመም እያወሩ መጡ። እኔ ከኋላ፣ በጎማው ላይ፣ በአንድ ጫማ።

ቤት ገብተው ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ልጃቸውን አስጠሩ። መጣ። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። አልጮሁበትም።

«ካሳውን አንተ ነህ የተቀበልከው?»

«አባባ፣ እኔ…»

«አዎ ወይስ አይደለም?»

«አዎ።»

«ማሩን ከየት ነበር የምታመጣው?»

«ከቢታ ገነት። ከገበያ።»

«እንዲህ ካልክ በቃ» አሉ። «ገበያ ያለውንማ አማቼ ይገዛልኛል። ከእንግዲህ አታምጣ።» ከዚያም ለሦስት ቀን ሰው እንዲመጣ አደረጉ። የማንኪራ ሰዎች መጡ፤ ደህና ነው ሲሉ የኖሩት ሁሉ መጡ፤ ግቢው ውስጥ ተቀመጡ፤ ሚስቴ ንፍሮ ቀቀለች። አንድም ሰው ለምን እንደመጣ አልጠየቀም። በየጥጉ «እኔም ልነግርዎ ነበር» ይባላል፤ አማቴ «አውቃለሁ» ይላሉ። ያን ሰሞን እንቅልፋቸው የተመለሰ ይመስለኛል፤ ሌሊት ሲገላበጡ አልሰማሁም።

ወንድምየው በሦስተኛው ቀን ከግቢው በር ውጭ ያዘኝ።

«በቀኝ አስቀምጣቸው ብዬህ ነበር!»

«በቀኝ ነው የተቀመጡት» አልኩት።

«አትቀልድብኝ።»

«ከጅማ እስከ ሚዛን በቀኝ ነው የተቀመጡት። ፖሊስ ምስክር አለኝ።»

«ታዲያ እንዴት አዩት?»

«አላዩትም። ነገርኳቸው።»

«አንተ? ብቻህን?»

«ማን ነበር ሌላ?»

የተናደደው ስለነገርኳቸው ይሁን፣ ወይስ ሽማግሌ ሳይሰበሰብ ስለነገርኳቸው፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ለአባቱ ደም ግፊት ከልቡ ይሰጋ እንደነበር አውቃለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጊዜውን እያሰበበት የነበረ ሰው ነው። ሽማግሌ ልኬ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሁለታችንንም አዳመጡን፤ ቡናችንን ጠጡ፤ ለእሱም ለእኔም ፈረዱና ሄዱ።

ካሳው የት እንደደረሰ አልተጠየቀም። አማቴ የገንዘቡን ስም ማንሳት አልፈለጉም። ጉልበታቸው አልዳነም። ከዚያ በኋላ አውሮፕላኗም ወደ ሚዛን መምጣቷን ተወች፤ የግራ ወንበር ዕውቀቴ ገዢ የሌለው ዕቃ ሆኖ ቀረ።

ቀሪው ይህ ነው። ጫካው የለም። አማቴ ያውቃሉ። እኔና የሚስቴ ወንድም አንነጋገርም። ሌላ የለም።